የአንድ ቀን ጀግና? ስለ ዶክተር ኔቪል ሃውስ ለሚነገረው ታሪክ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ሰር ኔቪል ሃውስ የሚጻፈው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር ይሠራ የነበረ አንድ ሐኪም ወደ ደቡብ አፍሪካ ዘመተ፤ በተኩስ መካከል ገብቶ ቁስለኛ ተሸክሞ ወጣ፤ ለአውስትራሊያ ወታደሮች ከተሰጡት የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻኖች የመጀመሪያውን ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲያ ጄኔራል ሆነ፣ ሰር ተባለ፣ ፓርላማ ገባ፣ ሚኒስትር ሆነ። በመታሰቢያ ሰሌዳውም፣ የአንዛክ ቀን በመጣ ቁጥር በሚወጡት ጽሑፎችም ይኸው ይደገማል። ማይክል ታይኪን በ1999 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ እንኳ ሽፋኑ ላይ ሰውየውን የሚያስተዋውቀው የአውስትራሊያ የመጀመሪያው የቪክቶሪያ መስቀል ተሸላሚ ብሎ ነው። ምናልባት አሳታሚው የሚሸጠውን ያውቅ ይሆናል።

ከዚህ አተራረክ ጋር የማልስማማው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሃውስን ሕይወት የሚፈታው ቁልፍ የዚያ ቀን ጀብዱ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ሕይወቱን ሦስት ቦታ ቆርጦ፣ ሕክምናውን ጥሎ ወታደር፣ ወታደርነቱን ጥሎ ፖለቲከኛ የሆነ ሰው ያስመስለዋል። እኔ የምለው ሃውስ እስከ መጨረሻው ሐኪም ነበር ነው። ትልቁን ሥራ የሠራውም በጦር ሜዳ ላይ በታየው ድፍረቱ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ "አይሆንም" ብሎ በመፈረም ነው። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከደቡብ አፍሪካዋ ፍሬድፎርት እንጀምር። ጁላይ 24 ቀን 1900 ነው። እንግሊዞችና ከቅኝ ግዛቶቻቸው የመጡ ወታደሮች ከቦዖሮች ጋር ይታኮሳሉ። አንድ መለከት ነፊ ተመትቶ ገላጣው ሜዳ ላይ ወድቋል። ሃውስ ፈረሱን ኮልኩሎ ወደ ወደቀው ሰው ሲገሠግሥ ፈረሱ ተመታ። በእግሩ ቀጠለ። ደርሶም እዚያው ቁስሉን አሰረ፤ ሰውየውን ተሸክሞ ወደ ከለላ የወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። በጁን 1901 የወጣው የሽልማት ማስታወቂያ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከየአቅጣጫው በሚወርድ ከባድ ተኩስ ውስጥ ወጥቶ አንድ ቁስለኛ አነሣ፣ ወደ መጠለያም ወሰደ ይላል። ቁስሉን ማሰሩ የለበትም።

ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስል ይሆናል። ነገር ግን ያንን ማስታወቂያ ስሙን ሸፍኖ ላነበበው ሰው፣ የተሸለመው እግረኛ ይሁን ፈረሰኛ፣ ምግብ አብሳይ ይሁን ሐኪም፣ ከጽሑፉ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እስከ ዛሬ ድረስ ከአውስትራሊያ ጦር የሕክምና ክፍል ይህን ኒሻን ያገኘ ሌላ ሰው የለም፤ ብቸኛው ሐኪም የተሸለመበት ጽሑፍ ደግሞ ሕክምናን አያነሣም። ሽልማቱ ሲሰጥ ጀምሮ ሐኪሙ ከታሪኩ ወጥቷል ማለት ነው። በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ያደረጉት ይህንኑ መገልበጥ ነው።

"የገጠር ሐኪም" የሚለው መጠሪያም ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሃውስ የተወለደው በ1863 በእንግሊዝ አገር፣ ሶመርሴት ውስጥ ነው፤ አባቱም ቀዶ ሐኪም ነበር። ለንደን ውስጥ ሕክምና ተምሮ በ1889 ለጤናው ሲል ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ተሻገረ፤ ታሪ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ሠራ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በ1897 የንጉሣዊው የቀዶ ሕክምና ኮሌጅ ባልደረባ የሚያሰኘውን ማዕረግ አግኝቶ መጣና በ1899 ከሲድኒ በስተምዕራብ ኦሬንጅ ላይ ተቀመጠ። ስለዚህ ሌላ አማራጭ አጥቶ ገጠር የቀረ ሰው አልነበረም። ለንደን ውስጥም ሊያስከብረው የሚችል ማዕረግ ይዞ ነው የትንሽ ከተማ ሐኪም ለመሆን የመረጠው። ዘመቻውን ጨርሶ የተመለሰውም ወደዚያችው ኦሬንጅ ነው፤ ሁለት ጊዜም ከንቲባዋ ሆኗል። በቦዖር ጦርነትና በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መካከል ያሉት እነዚህ ዓመታት በብዙዎቹ ትረካዎች ውስጥ በግማሽ መስመር ይታለፋሉ። ጀብዱ የለባቸውማ!

በኦገስት 1914 አውስትራሊያ በጀርመን ሥር የነበረችውን ኒው ጊኒ ለመያዝ ጦር ስትልክ፣ የዘመቻው የሕክምና ኃላፊ ሃውስ ሆነ። በችኮላ የተሰባሰበ ጦር ወደ ወባ አገር ነው የሚሄደው። እንዲህ ባለው ዘመቻ ውስጥ ወታደር የሚያልቀው ከጥይት ይልቅ በትኩሳትና በተቅማጥ ነው፤ ሃውስ ከጦሩ ጋር በቆየበት ጊዜ ግን ያ እልቂት አልደረሰም። ኪኒን፣ ክትባት፣ የውሃ ንጽሕና፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ፦ ስለነዚህ ግጥም የሚገጥም የለም። ከዚያ ዘመቻ በሰው አእምሮ የቀረው በሃውስ ሥር የነበረው ወጣቱ ካፒቴን ብራያን ፖክሊ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን ቢታ ፓካ ላይ፣ ቁስለኛ ይዞ ለሚመለስ ሰው የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን የክንድ ጨርቁን አውልቆ ሰጠው፤ እሱም ወዲያው ተመትቶ ሞተ። የፖክሊ ሥራ ልብ ይነካል፤ መታሰቡም ተገቢ ነው። ሆኖም ሁለቱን ሐኪሞች ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚታወስና ምን ዓይነት ሥራ እንደሚረሳ ወዲያው ይገባዋል። ታሞ ያልሞተ ወታደር ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም።

አሁን ወደ ጋሊፖሊ ልምጣ፤ የክርክሬ ዋና መሠረት እዚያ ነውና።

ኤፕሪል 25 ቀን 1915 የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወታደሮች በዛሬው አንዛክ ኮቭ ሲወርዱ፣ ሃውስ የአንደኛው የአውስትራሊያ ክፍለ ጦር የሕክምና ኃላፊ ነበር። የተለመደው ትረካ እዚህ ላይ ሁለተኛውን የጀግንነት ሥዕል ይሥላል፤ ኮሎኔሉ በጠባቡ የባሕር ዳርቻ ላይ ቆሞ፣ ጥይት ሳይበግረው፣ ቁስለኞችን በጀልባ ያሳፍራል። ይህ በእርግጥ ሆኗል። ግን አንድ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። የክፍለ ጦር የሕክምና ኃላፊ የሆነ ሰው ለምን ጀልባ ጫኝ ሆነ?

መልሱ ከዳርቻው ሳይሆን ከእቅዱ ነው የሚገኘው። የዘመቻው አዛዥ ጄኔራል ሃሚልተን የማረፉን ዘመቻ ሲነድፍ፣ የጦሩ ጠቅላላ የሕክምና ኃላፊ የነበረው ሰርጅን ጄኔራል በሬል ከአስተዳደሩ ሠራተኞች ጋር እስክንድርያ ቀርቶ ነበር። እቅዱ ያለ ሐኪም ተነደፈ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ የተመደቡት ሆስፒታል መርከቦች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ለአንዛክ የደረሰችው አንዷ፣ ጋስኮን ነበረች። እሷም በዚያው ቀን ከ500 በላይ ቁስለኞች ይዛ ሞላች። ከዚያ በኋላ የተቀሩት ቁስለኞች የተጫኑት ወታደርና ከብት ባመላለሱ መርከቦች ላይ ነው። ፈረስና በቅሎ የቆመበት ወለል ላይ ቁስለኛ ተዘረጋ። ከጀርመኖች በተወሰደችው ሉትሶው መርከብ ላይ ቁስለኞቹን የተቀበላቸው አንድ የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነበር። ጀልባዎቹ ክፉኛ የቆሰለውንና ቀለል ያለ ቁስል ያለውን አደባልቀው ይዘው "ሞልቷል" እየተባሉ ከመርከብ ወደ መርከብ ይንከራተቱ ነበር። ዳርቻው ላይ ቃሬዛ የሚሸከም ደፋር አልጠፋም። የጠፋው መርከብ ነው፣ ፋሻ ነው፣ ነርስ ነው፣ ማን ማንን እንደሚያዝ የሚናገር ወረቀት ነው።

ስለዚህ የሃውስ በዳርቻው ላይ መታየት ሊመሰገን የሚገባው መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ የታሪክ ጸሐፊ ሊያነበው የሚገባው እንደ ክስ ማስረጃ ነው። ሥርዓቱ ቢሠራ ኖሮ ያ ሥዕል አይኖርም ነበር። ሃውስ ራሱም እንዲህ ነው የተረዳው። በ1917 ለንደን ውስጥ የዳርዳኔልስን (የጋሊፖሊን) ዘመቻ ይመረምር በነበረው ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ ስለ ድፍረትና ስለ መሥዋዕትነት ሲተርክ አልዋለም። ለቁስለኞቹ የተደረገው ዝግጅት ከወንጀል የሚቆጠር ቸልተኝነት ነው አለ። ተጠያቂዎቹ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት መሆናቸውንም አልሸሸገም፤ ለወደፊቱም አውስትራሊያ የራሷን ቁስለኞችና በሽተኞች ጉዳይ ለነሱ እንዳትተው መንግሥቱን እንደሚመክር በግልጽ ተናገረ። የጦር መለዮ የለበሰ የቅኝ ግዛት ሰው፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማ ተቀምጦ እንዲህ ማለቱ ፍሬድፎርት ላይ ከፈጸመው የሚያንስ ድፍረት አይደለም። የትኛውም ኒሻን ግን ለዚህ አልተሰጠም።

ከቃሉም በፊት ሥራው ጀምሮ ነበር። በኖቬምበር 1915 የአውስትራሊያ ጦር የሕክምና አገልግሎት ዳይሬክተር ሆኖ ከተሾመ በኋላ፣ የአውስትራሊያ ቁስለኛ በአውስትራሊያ ሐኪም ኃላፊነት ሥር እንዲሆን፣ ሆስፒታሎቹና ሠራተኞቹ በእንግሊዝ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዳይዋጡ በየወሩ ሲከራከር ኖሯል። በ1917 ሜጀር ጄኔራል ሆነ፤ ቢሮው ለንደን፣ ሆርስፌሪ ሮድ ነበር። እዚያ የሠራው ሥራ በፎቶግራፍ አይወጣም።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለኔ ትልቁ የምልምሎቹ ጉዳይ ነው። የአውስትራሊያ ጦር በፈቃደኞች ብቻ የቆመ ነበር። በኦክቶበር 1916 እና በዲሴምበር 1917 ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ የግዳጅ ምልመላን አልቀበልም ብሏል። በዚህ ላይ የምዕራቡ ግንባር ሰው ይፈጃል፤ አዛዦቹ ሰው ሰው ይላሉ። ከአገር ቤት ደግሞ ቁጥር ለመሙላት ሲባል ዕድሜውን የደበቀ፣ ልቡ የደከመ፣ እግሩ የማይራመድ ሁሉ መርከብ ላይ እየተሳፈረ ይመጣ ነበር። ሃውስ መስፈርቱን ዝቅ ለማድረግ እንቢ አለ። ብቁ ያልሆነውን አልፈርምም፣ ይመለስ አለ። በቅርብ ጊዜ ለግንባር ሊደርሱ የማይችሉት በደቡብ እንግሊዝ ዌይማውዝ በነበረው ካምፕ እየተሰበሰቡ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ይህን ሲያደርግ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም የመራው። ጋሊፖሊ ላይ ሙቀቱና ዝንቡ፣ የውሃው እጥረትና የቆርቆሮው ሥጋ በተቅማጥ ያደከሙትን ጦር በዓይኑ አይቷል፤ የታመመ ወታደር የጦሩን ቁጥር በወረቀት ላይ እንደሚያሳምር፣ በምሽጉ ውስጥ ግን ሌላ ሁለት ሰው እንደሚያስይዝ ያውቃል። ገጠር የሠራ ሐኪም ሁሉ እንዲህ ያለውን ሒሳብ ያውቀዋል፤ አንድ በሽተኛ የቤቱን ሰው ሁሉ ሥራ ያስፈታል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ፍሬድፎርት ላይ የዳነው አንድ ሰው ነው። "አይበቃም" ተብሎ በተፈረመ ወረቀት የፍላንደርስን ጭቃ ሳያይ የተመለሰው ስንት ነው? ቁጥሩን እዚህ መገመት አልፈልግም፤ የሚዛኑ አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው።

የተለመደውን ትረካ የሚደግፍ ሰው አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለው፤ ልሸሸው አልፈልግም። ያ ኒሻን ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ "አይሆንም" ማን ይሰማው ነበር? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ትክክል ነው። ለንደን ውስጥ ከኦሬንጅ የመጣ አንድ ሐኪም ጄኔራሎችን ቢወቅስ፣ "ጥይት ያልሸተተው ባለ መርፌ" ተብሎ በቀላሉ ይታለፍ ነበር። ደረቱ ላይ የቪክቶሪያ መስቀል ያለውን ሰው ግን ፈሪ ነው፣ ጦርነት አያውቅም ብሎ ማጣጣል አይቻልም። ሃውስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ መሰላል የመውጣት ችሎታም አላነሰውም፤ ከሱ በፊት ቦታውን ይዘው የነበሩት ሰርጅን ጄኔራል ዊሊያምስ ወደ ዳር ሲገፉ እሱ ወደ ላይ ሲወጣ ነበር። ሥልጣን ወዳድ ነበር የሚሉት ተቺዎቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ይህ ግን የኔን ነጥብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ኒሻኑ ወደ ክፍሉ የሚያስገባ ፈቃድ ነበር። ትረካው ፈቃዱን አይቶ ይረካል፤ ከገባ በኋላ የተናገረውን አያዳምጥም።

ወደ ፖለቲካ የገባውም ያንኑ ይዞ ነው። በ1922 የሠራዊቱን የሕክምና ዋና ዳይሬክተርነት ለቆ ለምርጫ ቀረበና ኦሬንጅ ያለችበትን የካላሬን መቀመጫ አሸነፈ። ከጃንዋሪ 1925 ጀምሮ በጠቅላይ ሚኒስትር ብሩስ መንግሥት የመከላከያና የጤና ሚኒስትር ነበር። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሰው እጅ መሆናቸው ራሱ ብዙ ይናገራል። የተናጋሪነት ስም አላተረፈም፤ ንግግሮቹም አንባቢን አያስጨንቁም። የሠራቸው ግን ይቆጠራሉ። የፌዴራልና የክፍለ አገር ጤና ባለሥልጣናትን አንድ ላይ የሚያስቀምጠው የጤና ምክር ቤት በ1926 ተቋቋመ። በ1927 የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ቀዶ ሐኪሞች የራሳቸውን ኮሌጅ ሲመሠርቱ ደጋፊያቸው ነበር። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ለካንሰር ሕክምና የተገዛው ሬዲየም ነው። መንግሥት 100,000 ፓውንድ ከፍሎ 10 ግራም ገዛ። በዚያ ዘመን አንዲት አገር በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሬዲየም መግዛቷ እብደት ሊመስል ይችል ነበር። ሬዲየሙ በመንግሥት ይዞታ ሆኖ ለሆስፒታሎች በውሰት እንዲሰጥ መደረጉ ግን፣ ሀብታም በሽተኛና ድሃ በሽተኛ በአንድ መዝገብ እንዲጠብቁ የሚያደርግ አሠራር ነው። ይህ ሕክምናውን የጣለ ሰው ሥራ ነው?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሃውስን የሚያሞግስ ይመስላል። እዚህ ላይ ግን የጀግናው ትረካም፣ የአስተዳዳሪው ትረካም አብረው የሚዘሉት ነገር አለ።

ከፌብሩዋሪ 1928 እስከ ኖቬምበር 1928 ሃውስ የአገር ውስጥና የግዛቶች ሚኒስትር ነበር። የአውስትራሊያን መካከለኛና ሰሜናዊ ግዛት የሚያስተዳድረው ይህ መሥሪያ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኮኒስተን በተባለ የከብት እርባታ አካባቢ አንድ ነጭ አዳኝ ተገደለ። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር፣ ኮንስታብል መሪ የተባለ ፖሊስ የሚመራቸው ቡድኖች በአገሬው ሕዝብ ሰፈሮች ውስጥ እየዞሩ ገደሉ። መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር 31 ነው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የዋልፒሪ ሽማግሌዎች ትውስታና በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ቁጥሩን ከዚያ በብዙ ከፍ ያደርጉታል። ጉዳዩን እንዲመረምር የተሰየመው ቦርድ ከሦስቱ አባላቱ አንዱ የግዛቱ አስተዳዳሪ፣ ማለትም የፖሊሱ የራሱ አለቃ ነበር። ቦርዱ ግድያዎቹ ሁሉ ተገቢ ነበሩ ብሎ ወሰነ።

ሃውስ ትእዛዝ ሰጠ የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ሚኒስትሩ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ፖሊስ የሚያደርገውን ከየት ያውቃል? የሚለው መከላከያም የተለመደ ነው። ግን ይህ መከላከያ በተለይ ለሃውስ አይሠራም። በ1917 ኮሚሽኑ ፊት የተናገረው ነገር ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነውና፤ ጥፋቱን የሚጠየቅበት ዳርቻው ላይ የቆመው ሳይሆን ርቆ ተቀምጦ ያላዘጋጀው፣ ያልጠየቀው፣ ያልተቆጣጠረው ነው ብሏል። በዚያ መለኪያ ጄኔራል ሃሚልተንና ሹማምንቱ ከተጠየቁ፣ የግዛቶቹ ሚኒስትርም ይጠየቃል። ለአውስትራሊያ ቁስለኞች ሲል ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተጣላው ሐኪም፣ በገዛ ሚኒስቴሩ ግዛት ለተገደሉት ያን ቃል አላወጣም። ትረካውን በኒሻኑ የሚጀምር ጸሐፊ ይህን ጥያቄ ማንሣት አያስፈልገውም፤ ደፋር ሰው ደፋር ነው ብሎ ያልፋል። በፊርማው የሚጀምር ግን የፈረመውንም ያልፈረመውንም መቁጠር አለበት።

በ1929 ምርጫ የብሩስ መንግሥት ወደቀ፤ ሃውስም መቀመጫውን አጣ። በሚቀጥለው ዓመት ለሕክምና ወደ እንግሊዝ ሄዶ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1930 ለንደን ውስጥ በካንሰር ሞተ። የኮኒስተን ቦርድ ውሳኔውን በጃንዋሪ 1929 ሲያቀርብ ግን የግዛቶቹን ሚኒስትርነት ለሌላ አስረክቦ፣ የጤና ሚኒስትር እንደሆነ በዚያው ካቢኔ ውስጥ ነበር።